ሱሪ የሚሰፋበት ቤተ መጻሕፍት

ሄልሲንኪ የደረስኩት በበረዶ ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ወጥቼ፣ ለመሞቅ ያህል ፈጠን ፈጠን እያልኩ ስሄድ ኦዲ ከፊቴ ድቅን አለ።

ኦዲ የከተማዋ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ስሙ «የውዳሴ ግጥም» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2018 ተከፈተ፤ ፊንላንድ 101ኛ የነጻነት ዓመቷን ልታከብር አንድ ቀን ሲቀራት። 98 ሚሊዮን ዩሮ ፈጅቷል። በዓመቱ ደግሞ የዓለም ምርጥ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተብሎ ተሸለመ።

የእንጨት ግድግዳው ከበሩ በላይ ወደ ውጭ ተለምጦ ለሚገባው ሰው ጥላ ሆኗል። ገባሁና ዓይኔ መጀመሪያ የፈለገው ምሰሶ ነበር። የለም! ያን የሚያህል ሕንፃ ማን ተሸከመው? ሁለት የብረት ቅስቶች ናቸው። ከ100 ሜትር በላይ ተዘርግተው ሕንፃውን እንደ ድልድይ ይዘውታል። ንድፉን የሠሩት አላ የተባሉ የአገሩ አርክቴክቶች ናቸው። ምድር ቤቱ በዚህ የተነሳ እንደ አደባባይ ሰፊ ነው። ሲኒማ አለው፤ ምግብ ቤት አለው፤ ከብርድ የሸሸ ሰውም በሽ ነው። ምን ፈልገህ መጣህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግን እግሬ ታሰረ። የሙዚቃ ስቱዲዮ፣ የጌም ክፍል፣ ዕቃ ቀርጾ የሚያወጣ ስሪዲ ፕሪንተር… ከዚያ ደግሞ የልብስ ስፌት መኪና! አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው ሱሪ ያሳጥራሉ። ጥቁር ሱሪ ነው፤ ክሩ ግን ሰማያዊ። ቆሜ ማየቴን ሲያውቁ ሁለቱን እግሮች ገጥመው ወደ እኔ ዘረጉልኝ። «እኩል ናቸው?» ማለታቸው እንደሆነ ለመረዳት ቋንቋ አላስፈለገኝም። ግራው ትንሽ ያጥራል። በጣቴ አሳየኋቸው። ተነፈሱ።

መኪናው ቀጠሮ ይያዝለታል እንጂ አይከፈልበትም። እኔ እንኳን ቤተ መጻሕፍት ሲባል ጸጥታና መጽሐፍ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ለካ መጽሐፍ የማይገዛ ሰው መጽሐፍ የሚዋስበት ቤት፣ የስፌት መኪና የሌለውም መኪና ቢዋስበት አያስገርምም።

መጽሐፎቹ ያሉት ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። «የመጽሐፍ ገነት» ይሉታል። ጣሪያው ነጭ ደመና ነው፤ በክብ መስኮቶቹ ብርሃን ይወርዳል። መደርደሪያዎቹ አጫጭር ስለሆኑ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ወደ 100,000 መጽሐፍ አለ። ለእንዲህ ያለ ሕንፃ ብዙ አይደለም፤ የቀረውን ግን ከሌሎቹ የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ማዘዝ ይቻላል። ልጆች ተንጋለው ያነባሉ፤ የሕፃናት ጋሪ ከመደርደሪያው ያልተናነሰ ነው።

በመስታወቱ ማዶ የፓርላማው ግራናይት ዓምዶች ይታያሉ። የቤተ መጻሕፍቱ ሰገነት ከፓርላማው መግቢያ ጋር እኩል ከፍታ ላይ እንዲሆን ታስቦበት ነው የተሠራው። ሕዝብና መንግሥት ዓይን ለዓይን ይተያዩ ነው ነገሩ። ሐሳቡን ወደድኩት። ከሁሉ የወደድኩት ግን እዚያው መስታወት ስር ምንም ሳታነብ አፏን ከፍታ የተኛችውን ሴትዮ ነው። የቀሰቀሳት የለም።

ስወርድ ሽማግሌው አሁንም አልሄዱም። ሰማያዊውን ክር በትንሽ መቀስ እየፈቱ ነበር።