የሐምሌ ሽርሽር በአራት ኪሎ፦ ዝናቡን ቀድሞ መብላት

ከድሬዳዋ በባቡር የመጣነው አራት ነበርን፤ አዲስ አበባ የሚጠብቁን ዘመዶችም አራት። ስለ ባቡሩ ብዙ የምለው የለኝም። ለቡ ጣቢያ ስንወርድ ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ አራት ኪሎ ያደረሰን ባለታክሲም ዝናቡንና ሻንጣችንን አይቶ 1,500 ብር ጠራ። ተከራክረን በ1,200 ገባን። ቤት ስንደርስ ከዚያ ግማሹ ይበቃው እንደነበር ተነገረን፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሽርሽሩ ለቅዳሜ ተቀጠረ። ድሬዳዋ ላይ ሽርሽር የሚወጣው ከቀኑ አስር ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ ነው፤ የሚፈለገውም ጥላ ነው፤ እንደ ከዚራ ያለ ዛፍ የሞላበት ቦታ። በዚሁ ልማድ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብንወጣስ?» ብዬ ጠየቅኩ። አክስቴ ከምድጃው ቀና ሳትል «በሐምሌ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚወጣው ዝናቡ ነው» አለችኝ።

ልክ ነበረች። አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ዋናውን ዝናብ የምታገኘው ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ሰማዩ ገለጥ ይላል፤ መሬቱ ሲሞቅ ደመናው ይከመራል፤ ከዚያ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ከነበረዶው። ስለዚህ ለክረምት ሽርሽር ያለው ጊዜ በግምት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀትር ነው። ዕቅዱ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይሠራል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ዕቃ መሰብሰብ፣ አራት ተኩል ላይ መብላት፣ ሦስት ሰዓት ላይ ቦታ መያዝ፣ ሁለት ተኩል ላይ ከቤት መውጣት። ጠዋት የሚበስል ነገር ካለ ይህ ሁሉ ይፈርሳል፤ ማብሰሉ አርብ ማታ ማለቅ አለበት።

የት እንሂድ የሚለው ብዙ አላከራከረንም። እንጦጦ ፓርክ ውብ ነው፤ ነገር ግን ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ስለሚጠጋ የሐምሌ ጠዋት ጭጋጉና ብርዱ ከሙቀት አገር ለመጣ ልጅ አይሆንም። በ2012 ዓ.ም. በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተው አንድነት ፓርክ ደግሞ ተዘዋውረው የሚያዩት ነው እንጂ አገልግል ይዘው የሚዘረጉበት አድርጌ አላየውም። በእግር የሚደረስበትን አንድ የሰፈር መናፈሻ መረጥን።

ዋናው ነገር ምግቡ ነው። እኔ ዶሮ ወጥ አስቤ ነበር። ድሬዳዋ ላይ በሐምሌ ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ቅቤ ቀልጦ ይቀመጣል፤ ችግሩ መበላሸቱ ነው። አዲስ አበባ ግን በሐምሌ ቀትር ላይ እንኳ ከ20 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ጠዋት ደግሞ ከዚያ በታች ነው። ቀይ ወጥ ሣር ላይ አንድ ሰዓት ከቆየ ቅቤው ከላይ ይረጋና ምላስ ላይ ሰም ይሆናል። እሳት ደግሞ የለም።

መልሱ የጾም ማዕድ ውስጥ ተቀምጧል። የሐዋርያት ጾም ከተፈታ ሳምንት አልፎት ነበር፤ ሆኖም አዚፋና ሱፍ ፍትፍት ድሮም ቀዝቅዘው የሚበሉ ናቸው፤ አይረጉም። ሌላም ጥቅም አላቸው። ከስምንታችን ሦስቱ ሙስሊም ነን፤ ሥጋ ቢሆን የማን እርድ ነው የሚል ጥያቄ ይመጣ ነበር። አዚፋው ላይ ሁላችንም በአንድ ትሪ ቀረብን።

ለስምንት ሰው ግማሽ ኪሎ ድፍን ምስር ይበቃል። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ መብሰሉ ይዘገያል፤ እኛ ዘንድ በግማሽ ሰዓት የሚደርሰው ምስር እዚህ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሲበስል ውሃው በደንብ ይጠለላል፤ ውሃው በደንብ ያልተጠለለ አዚፋ አገልግል ውስጥ ያለቅሳል። ሰናፍጩ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ተለውሶ አሥር ደቂቃ ይቀመጣል። ፍል ውሃ ከነካው አፍንጫ የሚሰነጥቀው ኃይሉ አይወጣም፤ መራራነቱ ብቻ ይቀራል። የአራት ሎሚ ጭማቂ የሚገባው ከአሥሩ ደቂቃ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ሰናፍጩን ያዳክመዋል። ቀይ ሽንኩርቱና ቃሪያው ግን ቅዳሜ ጠዋት ነው የሚጨመሩት። ከጨው ጋር ያደረ ሽንኩርት ውሃውን ይለቅቃል፣ ሽታውም ይከብዳል።

ለሱፉ ግማሽ ኪሎ ሱፍ አመስ ተደርጎ ተፈጨ፤ በሁለት ሊትር ውሃ ታሽቶም ተጠለለ። ወተቱ በሃይላንድ ጠርሙስ ይሄዳል፤ እንጀራው ለብቻው። ቤት የተፈተፈተ ፍትፍት መናፈሻ ሲደርስ ገንፎ ነው። ወተቱ ስለሚዘቅጥ ከማፍሰስ በፊት ጠርሙሱን በደንብ መነቅነቅ ያስፈልጋል፤ ጨውም እዚያው ይጨመራል። ከዚህ ሌላ 12 ቅቅል እንቁላል ከነቅርፊቱ ያዝን፤ ከቅርፊት የተሻለ ዕቃ የለም።

እንጀራ 14 ነበር፤ አሥሩ ለመብያ፣ አራቱ ለፍትፍት። አርብ ማታ ተጋግሮ ሙሉ በሙሉ መቀዝቀዝ አለበት። ትኩሱን ፌስታል ውስጥ የከተተ ሰው ጠዋት የሚያገኘው በራሱ ላብ የተጣበቀ ሊጥ ነው። የቀዘቀዘው አራት ላይ ታጥፎ በንጹሕ ጨርቅ ይጠቀለላል።

አገልግሉ የአክስቴ እናት ንብረት ነው፤ ስፌቱ ጠንካራ፣ ቆዳው ጥቁር። ከውስጥ እሳት ላይ ለብ ተደርጎ የለሰለሰ የኮባ ቅጠል ተነጠፈበት፤ ቅጠሉ እርጥበት አያሳልፍም፣ እንጀራም አይጣበቅበትም። አዚፋው ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ከታች፣ እንጀራው ከላይ። ሁለት ባለ ሁለት ሊትር ፔርሙዞች ቀረፋና ቅርንፉድ በገባበት ሻይ ተሞሉ፤ ነገር ግን መጀመሪያ በፈላ ውሃ አምስት ደቂቃ መሞቅ ነበረባቸው። ሻዩ ከ92 ዲግሪ ነው የሚነሣው፤ ቀዝቃዛ ፔርሙዝ የቀረውን ሙቀት ይበላበታል። ስኳሩ ለብቻ። ለእጅ መታጠቢያ ባለ 5 ሊትር ጀሪካንና ሳሙና፣ ሶፍት፣ ለቆሻሻ ሁለት ማዳበሪያ። ሸራው ከሁሉም በላይ ይታሰራል፤ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነውና።

መናፈሻው በር ላይ ፈታሿ ቢላዋችንን አስቀረችው። ስንወጣ መልሳ ሰጠችን፤ ነገር ግን ሎሚውና ዳቦው ቤት መቆረጥ ነበረባቸው።

እግሬ በቀጥታ ወደ ትልቁ ዛፍ ወሰደኝ፤ የድሬ ሰው ጥላ ሲያይ አያልፍም። ሣሩን የሚያጭዱ አንድ ሽማግሌ ከሩቅ ተጣሩ። «ልጆቼ፣ እዚያ አትቀመጡ! ዛፍ ዝናቡ ካባራ በኋላም ይዘንባል።» እውነትም የሌሊቱ ውሃ ገና ከቅጠሉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ነጎድጓድ ሲመጣ ደግሞ ዛፍ ሥር ከመቀመጥ የከፋ የለም። እሳቸው ራሳቸው ፀሐይ ያገኘውን ረጋ ያለ ተዳፋት አሳዩን፤ ከመሣሪያ ቤታቸውም ትልልቅ ካርቶን አምጥተው ከሸራው ሥር እንድናነጥፍ ሰጡን። ሸራ ውሃውን እንጂ ቅዝቃዜውን አያግድም፤ ካርቶኑ ባይኖር ከግማሽ ሰዓት በላይ አንቀመጥም ነበር። ገንዘብ አልቀበልም አሉ፤ ሁለት ኩባያ ሻይና እንቁላል ግን ተቀበሉን። የታክሲው ነገር ከልቤ የወጣው ያን ጊዜ ነው።

ባለ 3 በ4 ሜትር ሸራ ስምንት ሰው ከነማዕዱ ይይዛል። ጋቢው ከሸራው ጠርዝ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ ጫፉ ሣር ከነካ እርጥበቱን እንደ ክር ስቦ መሐል ድረስ ያመጣዋል። የኛ አንዱ ጥግ እንዲህ ሆኖ የአጎቴ ልጅ ሱሪ ረጠበ። ደመናው ሲገለጥ ያለው ፀሐይም አይናቅም፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም በዚህ ከፍታ ፊት ያቃጥላል። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ስትመጣ እናውቃታለን፤ እዚህ ያወቅናት ማታ መስታወት ላይ ነው።

አራት ተኩል ላይ በላን። ሰናፍጩ ልጆቹን አስለቀሰ፤ ሱፉ አለቀ፤ ሦስት እንጀራ ተረፈ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ከእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፤ አክስቴ ቡና ይምጣ ያለውን ሁሉ አስነሣች። ቤት ገብተን ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ቆርቆሮው ላይ በረዶ ወረደ።

አገልግሉን ክዳኑን ከፍታ፣ ከምድጃው ርቆ ነፋስ ያለበት ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። እሳት አጠገብ ከደረቀ ቆዳው ይሰነጠቃል፤ ሳይደርቅ ከተከደነ ደግሞ ይሻግታል። እኛ ዘንድ በአንድ ከሰዓት ይደርቅ ነበር። ሰኞ ወደ ባቡሩ ስንወጣ በእጄ ነካሁት፤ ሥሩ ገና እርጥብ ነበር።