ክንዷን የተወጋችው እሷ፣ የወደቅኩት እኔ

ካልሲያችሁ ቀዳዳ እንዳለው እያወቃችሁ አድርጋችሁት ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? «ደግሞ ጫማ የት አወልቃለሁ!» ብላችሁ? እኔ ባለፈው ማክሰኞ እንደዚያ ብዬ ወጣሁ። ቤተክርስቲያን አልሄድ። ሰው ቤት አልሄድ። ሚስቴን ይዤ ጤና ጣቢያ ነው የምሄደው። የቤተሰብ ዕቅድ ክፍል ከባል ካልሲ ጋር ምን አገናኘው?

ተገናኙ።

ሁለት ልጆች አሉን። ትልቁን አቅደን ነው የወለድነው። ትንሿን ያቀድኳት እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ያውም ሳላውቅ። ያኔ ሚስቴ ኪኒኑ እያቅለሸለሻት ትታው ነበር። እስከዚያው ቀን እንቁጠር ተባባልን። ቆጣሪው እኔ ሆንኩ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኛ! የወር አበባዋ ጥቅምት 2 መጣ። ከስምንተኛው እስከ አሥራ ዘጠነኛው ቀን ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ እስከ 20 ዝር የለም። ስልኬ ላይ «እስከ 20» ብዬ ጻፍኩ።

ችግሩ፣ መሥሪያ ቤታችን በፈረንጅ ቀን ነው የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ የፈረንጅ ቀን ስጽፍ ውዬ አንድ ማታ ስልኬን ባየው ኦክቶበር 21 ይላል። አለፈ! ሙዝ ሁሉ ገዝቼ ገባሁ።

«ቀኑ አልፏል?» አለችኝ።

«ትናንትና!» አልኳት፣ ኮራ ብዬ።

በእኛ ጥቅምት 11 ነበር።

ልጃችን ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ተወለደች። ከዚያ ወዲህ ለሚስቴ ማንኛውንም ቀን ስነግራት፣ የቤት ኪራይም ይሁን የሰው ሠርግ፣ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «በየትኛው?» ብላ ነው።

ስለዚህ በዚህኛው ዙር በደንብ እናጥናው አልኩ። ልጆቹ ሲተኙ ኤክሴል ከፈትኩ። ዘዴው፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ሰው እንደሚጠቀምበት ሲጠቀሙበት በዓመት ከ100 ሴቶች ስንቱ ያረግዛሉ፣ የጎንዮሽ ችግሩ። ሁሉንም በየረድፉ አስገባሁ። ኪኒን፦ 7 ገደማ፤ የሚረሳ ሰው አለና። የሦስት ወሩ መርፌ፦ 4 ገደማ። ኮንዶም፦ 13። በጊዜ መውጣት፦ 20። ቀን ቆጠራ፦ 12።

«ከ12ቱ አንዷ እኔ ነኝ» አለች ሚስቴ፣ ሻይዋን እያማሰለች።

ዝም ብዬ ወደ ታች ወረድኩ። ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ከ1 በታች። ክንድ ላይ የሚቀበረውማ ከ1,000 አንድ ቢሆን ነው።

መርፌውን እሷ ራሷ ሰረዘችው። ከመጀመሪያው ልጃችን በኋላ ዴፖ የሚሉትን የሦስት ወር መርፌ ተወግታ ነበር። ክብደት ጨመረች፣ የወር አበባዋም ጠፋ። ሲስተሯ «መጥፋቱ ችግር የለውም» ብላታለች፤ እሷ ግን በየወሩ ደንግጣ እርግዝና መመርመሪያ ትገዛ ነበር። ላለማርገዝ ተወግቶ፣ እንዳላረገዙ ለማወቅ ደግሞ በየወሩ ገንዘብ ማውጣት! እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አመመኝ። ቀጠሮው ደግሞ በየ13 ሳምንቱ ነው። መሀል ላይ ጳጉሜ ስትገባ የእኔን የቀን ችሎታ አስቡት።

ኮንዶም ላይ እኔ ነኝ ያመነታሁት። ኮንዶሙ ምንም አላደረገኝም። ሰፈራችን ያለው ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ልጅ ግን የሚስቴን እናት «እማዬ» ነው የምትላቸው። ሦስት ጊዜ ገብቼ፣ ሦስቴም ዓይኗን ሳይ «ፓናዶል» ብዬ ወጥቻለሁ። ቤታችን ውስጥ ራሱን የሚያመው ሰው የለም። ፓናዶል ግን ሞልቷል።

ሉፕ ላይ ስንደርስ ታችኛዋ ጎረቤታችን የነገረቻት ትዝ አላት። «ወደ ልብ ይወጣል» ብላታለች። የሷ አክስት ጎረቤት ላይ ወጥቶ። ሁልጊዜ የአክስት ጎረቤት ናት! አንድም ቀን ራሷ አክስትየዋ አትሆንም። ማሕፀን ውስጥ የተቀመጠ ነገር በየት አድርጎ ነው ልብ የሚደርሰው ብዬ ሳስረዳ ሚስቴ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችው። አንድ ዓምድ ጨመረች። ርዕሱን «ማን ይሸከመዋል?» አለችው። ከዚያ ሞላችው። ኪኒን፦ እኔ። መርፌ፦ እኔ። ሉፕ፦ እኔ። ክንድ፦ እኔ። ቀን ቆጠራ ላይ «እሱ ይቆጥራል፣ እኔ እወልዳለሁ» ብላ ጻፈች።

መጨረሻ ላይ ቫዜክቶሚ አለ። ለወንድ ነው፤ የወንድ ዘር የሚያልፍበትን ቱቦ በማደንዘዣ ቆርጦ መቋጠር። አጭር ሥራ ነው፣ የዚያኑ ቀን ቤት ይገባል። እዚያ ጋ እኔ ቀድሜ «ለጊዜው አይመለከተንም» ብዬ ሞልቼ ነበር።

«ማን ነው አይመለከተንም ያለው?»

«ኤክሴሉ።»

አየችኝ። ያን አስተያየት ያገባ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ «እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኩ። በማግስቱ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ሁሉ አወራሁ። «ዘመኑ ተቀይሯል፣ ባል አብሮ መሄድ አለበት» ብዬ ሁለት ያላገቡ ልጆችን መከርኩ። አሁን ሳስበው ምነው አፌን በቆረጠው!

ማክሰኞ ጠዋት ሄድን። ሰባት ሴቶች አግዳሚው ላይ ወረፋ ይዘዋል። ወንድ እኔ ብቻ ነኝ። ዘበኛው «ወንድም፣ ላቦራቶሪ በዚያ ነው» አለኝ። «አይ፣ እዚሁ ነኝ» ስለው ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ። አንዷማ «ታድላ!» አለቻት ሚስቴን። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም። ሃያ ደቂቃ ገደማ ኮራሁ።

ገባን። ሲስተሯ ጎበዝ ናት። ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችልን። ሉፗ «ፐ» ፊደልን የመሰለች ትንሽ ነገር ናት። ሆርሞን የላትም፣ መዳብ ነው ሥራውን የሚሠራው፤ አሥር ዓመት ትቆያለች። ክንድ ላይ የሚቀበሩት ደግሞ የክብሪት እንጨት ያክላሉ። ባለ አንዱ ለሦስት ዓመት፣ ባለ ሁለቱ ለአምስት ዓመት። የወር አበባ ሊያዛባ እንደሚችል፣ ካልተስማማት በፈለገችው ቀን እንደሚወጣላት ነገረቻት። ሁሉም ነጻ ነው።

«ባለ ሁለቱ በዓመት ሲካፈል ያዋጣል» አልኩ እኔ።

ሲስተሯ ሚስቴን አየቻት። ሚስቴ «ሒሳብ ሠራተኛ ነው» አለች፣ ልክ ስለ በሽተኛ እንደሚወራው።

ግን ባለ ሁለቱን መረጠች። አልጋው ላይ ወጣች፣ ግራ ክንዷን ዘረጋች። እኔ በቀኝ በኩል ቆሜ እጇን ያዝኩ። «አይዞሽ፣ ምንም ማለት አይደለም» አልኳት። ማደንዘዣው ተወጋ። «አይዞሽ» አልኩ። ከዚያ ሲስተሯ እንጨቶቹ የሚገቡበትን ነገር አነሳች። መርፌ ነው ይሉታል። እኔ የማውቀው መርፌ ግን እንደዚያ አይደለም፤ የስክሪፕቶ ቀፎ ነው የሚመስለው። ቆዳዋ ሥር ሲገባ ቆዳው ትንሽ ከፍ አለ።

ቆዳው ከፍ ሲል አየሁ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለው የጡት ማጥባት ፖስተር ወደ እኔ ሲመጣ አየሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሰው ነው የነገረኝ። «እንደ ባሕር ዛፍ» ነው የምትለው ሚስቴ። አጎንብሼ አይደለም፣ ተንበርክኬ አይደለም፣ ቀጥ እንዳልኩ። ትሪው ተንኳኳ። ሚስቴ ጮኸች። በሩ ተከፈተ። ሰባቱም ሴቶች ገቡ።

ስነቃ መጀመሪያ የሸተተኝ ክብሪት ነው። አንዲት እናት «ክብሪት አሽትቱት!» ብለው፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ የጫሩትን አፍንጫዬ ሥር ይዘውልኛል። ሲስተሯ «እማማ፣ የሚጥል በሽታ አይደለም፤ ደም ግፊቱ ድንገት ወርዶ ነው፣ ያጥፉት!» ትላለች። ሌላዋ በሃይላንድ ከያዘችው ጸበል ትረጨኛለች። ሦስት ሴቶች በቀጠሮ ካርዳቸው ያራግቡልኛል። ሚስቴ አልጋው ላይ ናት፤ ክንዷ እንደተዘረጋ፣ አንዱ እንጨት ገብቶ አንዱ ሳይገባ፣ አንገቷን አውጥታ ቁልቁል «ሞተ እንዴ?» ትላለች።

ይኼ ሁሉ ምንም አይደለም። ሰው ይወድቃል።

ግን ሲስተሯ «እግሩን ከፍ አድርጉ፣ ጫማውን አውልቁለት» ብላለች። አውልቀዋል። እግሬን የጓንት ካርቶን ላይ ሰቅለውታል። እና የቀኝ እግሬ አውራ ጣት፣ ከነጥፍሩ፣ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ቆሟል።

ቀዳዳው ጠዋት ሽንብራ ነበር የሚያክለው። እምላለሁ። ስወድቅ ነው መሰለኝ የተተረተረው። አሁን ጣቴ አንገቱ ድረስ ወጥቷል። ካልሲው ዙሪያውን እንደ ኮሌታ ይዞታል። እኔ መሬት ላይ ተዘርሬያለሁ፣ እሱ ቀጥ ብሎ ጣሪያውን ያያል። ክፍሉ ውስጥ ከእሱ በላይ ከፍ ያለ ነገር ያለ አይመስልም። ራስ ዳሽን በሉት። ሴቶቹ ዙሪያውን ቆመዋል። እሱ መግለጫ ሊሰጥ የተዘጋጀ ባለሥልጣን ይመስላል። እንደገና ራሴን ልስት ሞከርኩ። እምቢ አለኝ። አንዲት ወጣት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያዘነች መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ገባኝ።

እዚህ ላይ ስለ ካልሲ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ያንቀኛል። ታክሲ ሰልፍ ላይ «ሦስቱ በመቶ! ሦስቱ በመቶ! ኦሪጅናል!» እያሉ የሚሸጡት ካልሲ የምን ኦሪጅናል ነው? አንዴ ሲታጠብ ተረከዙ ቁርጭምጭሚት ላይ ይወጣል። ሁለቴ ሲታጠብ ላስቲኩ ይለቅና ጫማ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ሦስተኛው ላይ ጣት ፀሐይ ያያል። ደግሞ ለምን ሁልጊዜ የቀኙ? ግራው እንደ አዲስ ነው። ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ግራ ካልሲ አለኝ። «ካልሲ ግራና ቀኝ የለውም» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እሱን ለጣቴ ንገሩት።

ሲስተሯ የሚስቴን ሁለተኛውን እንጨት አስገብታ፣ ፋሻውን አስራ ጨረሰች። ሚስቴ ራሷ ከአልጋው ወርዳ ሚሪንዳ ገዝታ መጣች። አዎ፣ ቀዶ ጥገና የተደረገላት እሷ ናት። በአንድ እጇ ከፍታ አጠጣችኝ። ካርድ የሚጽፈው ልጅ ገብቶ «ታካሚዋ የት ናት?» ሲል ሁሉም ወደ እኔ ጠቆሙ።

ልንወጣ ስንል ሚስቴ ረጋ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሲስተር፣ ስለ ቫዜክቶሚ ግን ትንሽ ብትነግሪን» አለች። በዚያች ሰዓት! ሚሪንዳው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ሲስተሯ አየችኝ። ከዚያ ጣቴን አየችው። ከዚያ ተመልሳ እኔን። «አይዞዎት፣ ወንድም» አለችኝ። «እሱ ተኝተው ነው የሚሠራልዎት። መውደቅ የለም።»

ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ። ለካ በሩ እስካሁን አልተዘጋም።

ቤት ከገባን ጀምሮ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ሚስቴ «ክንዴን ውሃ አታስነኪ፣ ከባድ ነገር አታንሺ ተብያለሁ» አለች። ልክ ነው፣ ተብላለች። ግን የተባለችው ለጥቂት ቀን ነው። እኔም ሰምቻለሁ። መሬት ላይ ተጋድሜ ቢሆንም ሰምቻለሁ። ይኸው ሳምንቱ አልፏል፣ ዕቃ አጣቢው እኔ፣ የልጅ ልብስ አጣቢው እኔ፣ ባልዲ ተሸካሚው እኔ። «ይኼ እኮ አበቃ» ስላት «በየትኛው?» ትለኛለች።

ቅዳሜ ቡና ላይ ለታችኛዋ ጎረቤታችን አወራችላት። አቦል ላይ ወደቅኩ። ቶና ላይ ክብሪቱ መጣ። በረካ ላይ ጣቴ ስኒ ያክል ነበር። ጎረቤታችን እንባዋን እየጠረገች «የአክስቴ ጎረቤት ባልም እንዲሁ ሆኖ ነበር» አለች። ይህን ጊዜ እንኳ አመንኳት።

ኤክሴሉን ትናንት ከፈትኩት። ክንድ የሚለው ረድፍ ላይ፣ የጎንዮሽ ችግር በሚለው ሥር፣ ሚስቴ አንድ ነገር ጨምራለች፦ «ባል ይጥላል።»

ትናንት ማታ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። አዲስ ካልሲ ነው ያደረግኩት፤ ከሱቅ፣ አንዱን ብቻ በሦስቱ ዋጋ የገዛሁት። ሰልፉ ላይ ከፊቴ ያለችው ሴት ዞር አለች። ነጠላዋን ሳይ አወቅኳት። እሷ ግን ፊቴን አላየችም። ጎንበስ ብላ ጫማዬን አየችና፣

«እንዴት ነው፣ ተሻለው?» አለችኝ።