ዶሮ ወጡ ውስጥ የነበረው እንቁላል

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ በአስተናጋጅነት ስሠራ ነው። ቀኑ ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ። ታቦት ሸኝተው የተመለሱ እንግዶች ባንድ ጊዜ ግር ብለው ገቡ። ምድጃው ሁሉ ተይዟል። አንድ አባት ዶሮ ወጥ አዘዙ። ከፍሪጅ አውጥቼ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከተትኩትና ሁለት ደቂቃ ሞላሁ።

ሳህኑ ተመልሶ መጣ። «ልጄ፣ ዳር ዳሩ ያቃጥላል፣ መሀሉ በረዶ ነው» አሉኝ። ሳላማስለው ሦስት ደቂቃ ጨመርኩበት።

ሳወጣው የተለየ ነገር አልታየኝም። እንቁላሉ ወጡ መሀል እንደ ወትሮው ተቀምጧል። ወጥ ሠሪያችን እትዬ «እስቲ አምጪው፣ መሞቁን ልየው» ብለው በማንኪያ እንቁላሉን ጫን አደረጉት። ጧ! አስኳሉ ተፈናጥሮ ጉንጫቸውንና የግራ ዓይናቸውን ቆብ አገኘው። ሳህኑ ላይ የቀረው የነጩ ቁራጭ ብቻ ነበር።

አንዷ ልጅ ቅቤ ልትቀባቸው ሮጠች። አስቆምኳት። ከጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ እያደረግን 20 ደቂቃ ያህል አፈሰስንላቸውና በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። እግዜር ይመስገን፣ ዓይናቸው ተረፈ። ጉንጫቸው ላይ ግን ምልክቱ ዛሬም አለ። ያን ሰሞን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ከዚያ በኋላ ጠይቄም አንብቤም ነገሩን ተረዳሁት። ማግኔትሮን የሚባለው ክፍል 2.45 ጊጋኸርዝ የሆነ ሞገድ ይለቃል። ሞገዱ ምግቡ ውስጥ ያለውን የውሃ ሞለኪውል ያወዛውዘዋል፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ግን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሳጥኑ ውስጥም አንዱ ቦታ ላይ ይበረታል፣ ሌላው ላይ ይደክማል። ሳህኑ የሚዞረው ለዚህ ነው። መሀል ያለው ምግብ ግን ቢዞርም ቦታው ያው መሀል ነው። የኚያ አባት ወጥ መሀሉ የቀዘቀዘው በዚህ ምክንያት ነው።

እንቁላሉ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። አስኳሉ ውስጥ የታፈነው ውሃ ግን ከዚያ አልፎ ሊግልና ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። ሲነኩት ባንድ አፍታ እንፋሎት ይሆናል። «ወጡ እንዲገባበት ነጩን በቢላ ሰንጠቅ አድርገነው የለ?» ብዬ ነበር። ስንጥቁ አስኳሉ ጋ አይደርስም። ከማይክሮዌቭ ወጥቶም አደጋው አብሮት ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። ያ ማንኪያ በእኚያ አባት እጅ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

አንዳንዱ ሰው ምግቡ ውስጥ ጨረር ይቀራል ብሎ ይፈራል። አይቀርም፤ በሩ ሲከፈት ሞገዱ ይቆማል። የሚያስፈራው ሙቀቱ ነው።

አሁን እንቁላሉን አስቀድሜ አወጣለሁ። ወጡን ክዳኑን ገርበብ አድርጌ አሞቃለሁ፤ ግማሽ ላይ አቁሜ አማስላለሁ፤ ሲያልቅም አንድ ሁለት ደቂቃ አሳርፈዋለሁ። እንቁላሉን የማሞቀው ትኩሱን ወጥ ላዩ ላይ አፍስሼ ነው። እትዬም ሳህን ሲያቀብሉኝ መጀመሪያ በጭልፋ ወጡን ገለጥ ገለጥ አድርገው ያያሉ።