ድንጋይ ስነፋ ዋልኩ

እሑዴ በድንጋይ አለቀ። ቤት የምሠራት ትንሿ የባቡር መስመር ሐዲዷ ካለቀ ቆየ፤ ዳር ዳሩ ባዶ ስለሆነ ግን አሻንጉሊት ነበር የምትመስለው። ጠዋት አዳማ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አካባቢ አንድ ፌስታል ጠጠር ለቅሜ መጣሁና አፈሰስኩት። ሲያስጠላ! ሞዴሉ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል፣ ስለዚህ እውነተኛው ሐዲድ ሥር የሚፈስሰው የ5 ሳንቲሜትር ድንጋይ እዚህ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው መሆን ያለበት፤ የኔዎቹ ቋጥኝ ሆነው ቁጭ። የእማዬን ወንፊት ሰርቄ ነፋሁት (እስካሁን አላወቀችም)። ከዚያ ኮላ በውሃ አቅጥኜ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርጌ፣ በሲሪንጅ አንጠባጠብኩበት። ሳሙናው ከሌለ ውሃው ጠጠሩ ላይ ይንከባለላል እንጂ አይሰርግም። ግራሮቹን ከጭራሮ ሠራሁ፣ አናታቸው ጠፍጣፋ። ክብ ግራር የሚሠራ ሰው አዳማን አያውቃትም! አሁን እየደረቀ ነው፤ ድመቷ እንዳትገባ በሩን ቆልፌዋለሁ።