አንቺ ልበላት ወይስ አንቱ?

ስድስተኛውን ፊልም ባለፈው እሁድ ጨረስኩ። ደስ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

ለማታውቁኝ፦ እሁድ ከሰዓት፣ ወንዶቹ በርጫ ላይ ሲሆኑ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ እኛ ቤት እናቴና ጎረቤቶቿ ቡና እየጠጡ ፊልም ያያሉ። የምመርጠውም፣ ከሥሩ የሚነበብ የአማርኛ ጽሑፍ (ሰብታይትል) የምሠራለትም እኔ ነኝ። ሕጋችን አንድ ነው፤ ታሪኩን ሴቶች ይምሩት፣ አንዲት ብቻ ሳትሆን ብዙ ሆነው።

አጀማመሬ አያኮራም። ፊልሙን እያቆምኩ በቃል እተረጉም ነበር። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ፊልሙን እንይ ወይስ አንቺን እንስማ?» ስትለኝ ተውኩት። ከዚያ ሰብታይትል ኤዲት የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጫንኩ። ከታይዋን፣ ከዚሁ ከድሬ ገበያ፣ በገዛሁት ፍላሽ ቲቪው ላይ ስሰካው ፊደላችን ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ወጣ። ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 (ፊደላችንን በሚይዘው የጽሑፍ ኮድ) አስቀምጡ፣ ጽሑፉንም ከቪዲዮው ጋር አጣብቃችሁ አውጡት። ያ ጣጣ በዚሁ ያልቃል።

የማያልቀው ጣጣ እንግሊዝኛዋ «ዩ» ናት። ለነሱ አንዲት ቃል፣ ለኛ አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ፣ እርስዎ። ባለ አንድ ጀግና ፊልም ላይ ብዙም አያስቸግርም። አምስት ሴቶች ጠረጴዛ ከበው ሲንጫጩ ግን አንዷ «ዩ» ያለችው ማንን ነው? ለአንዷ ነው ለሁሉም? ካሜራው ደግሞ ሌላዋ ላይ ነው።

የናዲን ላባኪን «አሁን ወዴት እንሂድ?» (2011) ስሠራ ተዋረድኩ። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ያሉበት የሊባኖስ መንደር ነው። ወንዶቹ በሃይማኖት እንዳይፋጁ የሁለቱም ወገን ሴቶች ተማክረው ያልሞከሩት ተንኮል የለም፤ ሀሺሽ ያለበት ኬክ እስከ መጋገር ደርሰዋል። ለድሬ ሰው ይህን ፊልም ማስረዳት አያስፈልግም። እኔ ግን አረብኛው ላይ «ኢንቱ» የሚል ሰማሁና «አሃ፣ አንቱ!» ብዬ ሴቶቹን እርስ በርስ አከባበርኳቸው። ቤሩት ለዓመታት የሠራች ጎረቤታችን ጽሑፉ ሳይወጣ ነው የምትስቀው። ያን ቀን የሳቀችው በኔ ነበር። «ኢንቱ» ማለት «እናንተ» ነው አለችኝ። ሁለት ሌሊት የፈጀሁበት ሥራ እንደገና ተጀመረ።

ስለዚህ ምክሬ፦ በጎግል ትራንስሌት አትጀምሩ። በጭራሽ። ብዙውን «አንተ» ያደርግላችኋል። (እውነቱን ለመናገር፣ «ሊትል ዊሜን»ን ስሠራ ሰንፌ ግማሹን በሱ አስተረጎምኩ። አራቱ እህትማማቾች «አንተ» ሲባባሉ አንድ ሳሎን ሙሉ ሰው አይቷል።) ድምፅ አጥፍታችሁ አንዴ እዩት፣ ማን ማንን እንደምታይ ብቻ ጻፉ። አሰልቺ ነው፤ እኔም ሁልጊዜ አላደርገውም። የቃና ድራማ የለመዱት ጎረቤቶቼ በአማርኛ ድምፅ ይሻላል ይላሉ። በዚህ ሙቀት ቬንትሌተሩ እየጮኸ ማን ድምፅ ሊሰማ ነው?

የተሳካልኝ ባለፈው እሁድ ነው። «ሂደን ፊገርስ» (2016)፣ ናሳ ውስጥ በስሌት የሠሩት የሦስቱ ጥቁር ሴቶች ታሪክ። ዶርቲ ቮን የኃላፊነቱን ሥራ ትሠራለች፣ ማዕረጉን ግን አልሰጧትም። ነጯ አለቃ ሚስስ ሚቸል በስሟ ብቻ ትጠራታለች። መጨረሻ ላይ ግን «ሚስስ ቮን» ትላታለች። እንግሊዝኛው ላይ ለውጡ ያለው መጠሪያው ላይ ብቻ ነው። እኔ ፊልሙን ሙሉ «አንቺ» እያስባልኳት ቆይቼ፣ እዚያች ቦታ ላይ «ወይዘሮ ቮን፣ እርስዎ» አልኩ። እናቴ ስኒዋን አስቀመጠች። «አንቱ አለቻት! አያችሁ፣ አንቱ አለቻት!»

ቀጣዩ የሴምቤን ኡስማን «ሙላዴ» (2004) ነው፤ ከመገረዝ ያመለጡ ሕፃናትን ስለሚያስጠልሉ ሴቶች። ገና ከጅምሩ ተይዣለሁ። ኮሌ ሁለተኛ ሚስት ናት። የመጀመሪያዋን ሚስት አንቺ ትበላት ወይስ አንቱ? እናቴ «ታላቅ አይደለች እንዴ፣ አንቱ!» አለች። ጎረቤታችን አዴ ደግሞ «ጣውንቴን አንቱ? አቦ ተይኝ!» አሉ። በረካው ቀዝቅዞ አሁንም ይከራከራሉ፣ እኔም አርባኛው መስመር ላይ ነኝ።