ከሳንባ ምች በፊት

የደብረ ብርሃን የጥቅምት ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ ሳይለቅ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የአሳማ እርባታ ጓሮ ውስጥ የሞተ የሁለት ወር ግልገል አሳማ ከፍቼ እያየሁ ነበር ዛሬ የምጽፈው ጉዳይ፣ ቫይረሶች የአሳማን በሽታ መከላከያ አስቀድመው እንደሚያፈርሱ፣ በትክክል የገባኝ። ሳንባው ጠቁሮ፣ ጉበት መስሎ ጠጥሯል፤ ከላዩ ቆርጬ ውኃ የተሞላ ባልዲ ውስጥ ስጥለው ሰመጠ። ጤነኛ ሳንባ አየር ስላለው አይሰምጥምና የሳንባ ምች መሆኑን ማንም የእንስሳት ሐኪም በዚህ ብቻ ይናገራል። እጄን ያስቆመው ግን ሌላ ነገር ነው። በብሽሽቱ በኩል ያሉት፣ በደኅናው ጊዜ ከባቄላ ፍሬ ብዙም የማይበልጡት ንፍፊቶች አብጠው ከአውራ ጣቴ ወፍረው ነበር፤ ስቆርጣቸውም ውስጣቸው ነጣ ያለና ወጥ ሆኖ አገኘሁት። ንፍፊት ማለት በሽታን የሚዋጉ ሕዋሳት የሚሰፍሩበት ቦታ ነው። ሳንባውን ያጠፋው ባክቴሪያ ከመድረሱ በፊት በዚህ ሰፈር ውስጥ አንድ ነገር ደርሷል ማለት ነው።

ለዚያ እርባታ ሦስት ጊዜ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት ያዘዝሁት እኔው ነበርሁ። በተወጉ ቁጥር ትኩሳቱ ለጥቂት ቀናት ይበርድና ግልገሎቹ ተመልሰው ይተኛሉ፤ የጀርባቸው አጥንት እየወጣ፣ ፀጉራቸው እየቆመ፣ መኖ ፊታቸው እያለ ይከሳሉ። ባለቤቱ «ዶክተር፣ መድኃኒቱ ጊዜው አልፎበት ይሆን እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀኝ የሰጠሁት መልስ መጠኑን ከፍ ማድረግ ነበር። ቤት ጥሶ የገባውን ሌባ ሳሳድድ ዘበኛውን ማን እንደገደለው አልጠየቅሁም። የወሰድሁትን ናሙናም በቂ በረዶ ሳልይዝ በመሄዴ መንገድ ላይ ስለተበላሸብኝ፣ የዚያ መንጋ ጠላት የትኛው ቫይረስ እንደነበር በስም መጥራት አልቻልሁም። ከዚያ በኋላ ግን አሳማን የሚያጠቁ ቫይረሶች በሽታ መከላከያውን እንዴት እንደሚያፈርሱት ከማንበብ አላረፍሁም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ፒአርአርኤስ በሚል ምሕፃር የሚታወቀው የአሳማ የመራቢያና የመተንፈሻ አካላት በሽታ ነው። በአሜሪካ በ1987 አካባቢ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ በአውሮፓም በ1990 ሲታይ ምንነቱ ስላልታወቀ ምሥጢራዊው የአሳማ በሽታ ይሉት ነበር፤ ቫይረሱ የተለየው በ1991 በኔዘርላንድስ ነው። ይህ ቫይረስ እንደ ቤቱ የሚቆጥረው በሳንባ ከረጢቶች ውስጥ የሚኖሩትን ማክሮፌጅ የሚባሉ ሕዋሳት ነው። የእነዚህ ሕዋሳት ሥራ ከአየር ጋር የገባውን አቧራና ባክቴሪያ ውጦ መፍጨት ሲሆን፣ ቫይረሱ ሲዲ163 የተባለውን በገጻቸው ላይ ያለ ፕሮቲን እንደ በር ተጠቅሞ ይገባባቸዋል፤ ከገባም በኋላ ይባዛባቸዋል፣ ብዙዎቹን ይገድላል፣ የተረፉትንም ሥራ ያስፈታል። በሌላ ጊዜ ግልገሉ ምንም ሳይሆን የሚያሳልፈው፣ በአፍንጫው ውስጥ ያለ ተራ ባክቴሪያ ያን ጊዜ ወርዶ ሳንባውን ይሞላዋል። ይህ በር ለቫይረሱ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ የታወቀው በአሜሪካ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው የሲዲ163ን ዘረ መል ያጠፉባቸው አሳማዎች በቫይረሱ ሳይያዙ ሲቀሩ ነው።

የፒአርአርኤስ ክፋት በመግደል ብቻ አይቆምም። አንድ ሕዋስ በቫይረስ ሲጠቃ ለጎረቤቶቹ የሚያሰማው ኢንተርፌሮን የተባለ የማስጠንቀቂያ ጥሪ አለ፤ ይህ ቫይረስ ያን ጥሪ ያፍነዋል። ሰውነቱ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ፀረ እንግዳ አካላትን ያመርታል፤ ይሁን እንጂ እነዚህ ቫይረሱን የማምከን ብቃት የላቸውም። በእርግጥ የሚያመክኑት ብቅ የሚሉት ብዙውን ጊዜ ከአራት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያውም በአነስተኛ መጠን። እስከዚያው ቫይረሱ በቶንሲልና በንፍፊት ውስጥ ተደብቆ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ከውጭ ሲያዩት የዳነ የሚመስል አሳማ አዲስ ጋጣ ገብቶ ሌላውን መንጋ የሚያስይዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ዓይነት ሁለት ሰርኮቫይረስ የሚባለው ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ያስገርመኛል። ከሚታወቁት የእንስሳት ቫይረሶች እጅግ ትንሹ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ መላው የዘር መልእክቱ ወደ 1,770 በሚጠጉ ፊደላት የተጻፈ ሲሆን፣ የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ቫይረስ ግን ከ170 ሺህ በላይ አለው። ትንሹ ቫይረስ ራሱን የሚያባዛበት የራሱ መሣሪያ ስለሌለው በመከፋፈል ላይ ያለ ሕዋስ ያስፈልገዋል፤ በሽታ መከላከያ ሕዋሳት ደግሞ በብዛት የሚከፋፈሉት ለውጊያ ሲጠሩ ነው። ስለዚህ ሌላ በሽታ ገብቶ ሰውነቱ ሠራዊቱን ሲያስነሣ፣ ያ መነሣሣት ራሱ ለሰርኮቫይረሱ ማሳ ይሆንለታል። በንፍፊቱ ውስጥ ያሉት ሊምፎሳይት የሚባሉ በሽታ ተዋጊ ነጭ የደም ሕዋሳት እየመነመኑ ሄደው ቦታቸውን ሌሎች ሕዋሳት ይይዙታል፤ ግልገሉም ጡት በጣለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መክሳት ይጀምራል። የመክሳቱ በሽታ በመጀመሪያ የተስተዋለው በ1991 በምዕራብ ካናዳ ነው። ክትባቱ ከ2006 ጀምሮ በገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ በሚከተቡ አገሮች በሽታው በእጅጉ ቀንሷል። ቫይረሱ ግን ከመንጋዎቹ አልጠፋም።

የአሳማ ኢንፍሉዌንዛ በዚህ ረገድ ቀለል ይላል፤ በአየር ቧንቧ ውስጥ ያሉትን ቆሻሻ ጠራጊ ፀጉሮች አርግፎ መንገዱን ለባክቴሪያ ይከፍታል፣ ከዚያ በአንድ ሳምንት ገደማ ያልፋል።

የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ግን አገራችንን በቀጥታ ይመለከታል። በኬንያ ታይቶ በ1921 በጽሑፍ የተገለጸ ሲሆን፣ ከርከሮ ሳይታመም ይሸከመዋል፣ ለስላሳ መዥገርም ያስተላልፈዋል። በ2007 ጆርጂያ፣ በ2018 ቻይና ገብቷል፤ እዚህ ኢትዮጵያም ከ2011 እስከ 2014 በታመሙ አሳማዎች ላይ የተገኘው ቫይረስ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ዘር ሆኖ በመገኘቱ 23ኛው ተብሎ ተመዝግቧል። ይህ ቫይረስ የሚይዘው ማክሮፌጆችን ነው፤ የሚያልቁት ግን በአብዛኛው ያልተያዙት ሊምፎሳይቶች ናቸው። የተያዙት ማክሮፌጆች የሚለቋቸው ኬሚካሎች አጠገባቸው ያሉትን ጤነኛ ሕዋሳት ራሳቸውን እንዲያጠፉ ያዛሉ። አደገኛው ዝርያ በገባበት መንጋ የሚተርፍ አሳማ የለም ለማለት ይቻላል። ቫይረሱ በሥጋ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ የሆቴል ፍርፋሪ ሰብስበው ሳያፈሉ የሚመግቡ አርቢዎችን ባገኘሁ ቁጥር አፍልተው እንዲሰጡ አጥብቄ እለምናቸዋለሁ።

በሰሜን ሸዋ አሳማ የሚያረባ ሰው በጣት የሚቆጠር መሆኑን፣ አብዛኛው አንባቢዬም ሥጋውን እንደማይቀምስ ዐውቃለሁ። ቢሆንም ይህ ነገር ከመንዝ በግ ጉሮኖ የራቀ አይደለም። የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታን የሚያመጣው ቫይረስም ሰውነት ገብቶ በቅድሚያ የሚይዘው ሊምፎሳይትን ነው፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ከቀነሱ በኋላ የሚመጣውን ሳል ገበሬው ብርድ ነው ይላል፣ እኛም ብዙ ጊዜ ባክቴሪያውን ብቻ እናክማለን። የቅርብ ዘመዱ፣ በክፉ ቀን የአያቶቻችንን በሬ የፈጀውና በ2011 ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው የከብት ደስታም ጠባዩ ይኸው ነበር። ለበጉ ፍቱን ክትባት አለ፤ በአንቲባዮቲክ መርፌ የሚተካ አይደለም።

ያ ግልገል ከሞተ በኋላ በእርባታው የለወጥነው ብዙ አይደለም። ከየገበያው የሚገዙ ግልገሎችን መቀላቀል ቀረ፤ አዲስ የሚመጣ ለብቻው ይቆያል፤ በየዕድሜያቸው ይለያያሉ፤ አንቲባዮቲክ የሚሰጠው ተመርምሮ ሲያስፈልግ ብቻ ሆነ። ትልቁ ለውጥ በእንገር ላይ ነው። የአሳማ የእንግዴ ልጅ ፀረ እንግዳ አካላትን ስለማያሳልፍ ግልገል ያለ እነዚህ መከላከያዎች ይወለዳል። ያለውን ሁሉ የሚያገኘው ከእንገር ሲሆን፣ አንጀቱም ከአንድ ቀን ወይም ከአንድ ቀን ተኩል በኋላ ያንን መቀበል ያቆማል። በእንገር ውስጥ የእናቲቱ ሕያዋን ሊምፎሳይቶችም አሉ፤ እነዚህን ግልገሉ የሚቀበለው ከገዛ እናቱ ብቻ በመሆኑ፣ ወደ ሌላ እናት የሚዛወር ግልገል አስቀድሞ የራሱን እንገር መጥገብ አለበት።

ይህን ለአሳማዎቹ ጠባቂ ለእትዬ ሳስረዳ ብዙ መናገር አላስፈለገኝም። መንዝ ውስጥ በበግ መካከል ያደጉ ናቸውና «የደከመውን ጠቦት ጡቱ ላይ ይዤ ያላደርሁበት ክረምት አለ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ባለፈው ኅዳር እናቲቱ አሳማ ስትወልድ አብረን አደርን። እትዬ እያንዳንዱን ግልገል በገለባ አድርቀው፣ ጠንካሮቹን ለጊዜው በካርቶን አቆይተው፣ ደካሞቹን ቀድመው ወደ ፊት ጡቶች ያስጠጉ ነበር፤ እኔ የሞባይሌን መብራት ይዤ የእያንዳንዱን ሰዓት በደብተር ጻፍሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሥራ አንደኛው፣ ከሁሉም ያነሰው፣ ሁለት ጊዜ ጡቱን ስቶ በሦስተኛው ያዘ፤ እትዬም ጉሮሮውን በጣታቸው ነክተው መዋጡን እስኪያረጋግጡ ድረስ እጃቸውን አላነሡም።