38 ኪሎ ሄደ፣ ሆዴ ግን ቀረ

ዛሬ ጠዋት ወገቤን በልብስ ሰፊ ሜትር ስለካ 86 ሴንቲሜትር መጣ። ከሰባት ወር በፊት 92 ነበር። በእነዚህ ሰባት ወራት የሚዛኑ ቁጥር ከ74 ኪሎ ፈቀቅ አላለም፤ አንድም ኪሎ ሳልቀንስ ስድስት ሴንቲሜትር ከወገቤ ጠፋ ማለት ነው። ደስታውን ብቻዬን መያዝ ስላቃተኝ ልጽፍላችሁ ቁጭ አልኩ። ቁጭ ስል ሆዴ እንደ ልማዱ ታጥፎ ጭኔ ላይ ዐረፈ። ስለዚህ የምታነቡት ግማሹ የምሥራች፣ ግማሹ አቤቱታ ነው።

የክብደት መቀነሱን ታሪክ ባጭሩ ልለፈው፤ ብዙዎቻችሁ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ከ112 ኪሎ ወደ 74 ለመውረድ 19 ወር ፈጀብኝ። የምበላውን ቀነስኩ፣ በእግሬ ብዙ ሄድኩ፣ ሦስት ጊዜ ተውኩት፣ ሦስት ጊዜ ተመለስኩበት። የሚቆጨኝ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ክብደት አለማንሳቴ ነው። ሰውነት በብዛት ሲቀንስ ከስቡ ጋር ጡንቻም ይሄዳል፤ ይህን ኪሳራ የሚቀንሰው ክብደት ማንሳትና በቂ ፕሮቲን ማግኘት ነው። እኔ ግን ምን እንደወረደ ሳልጠይቅ፣ ቁጥሩ በወረደ ቁጥር እጨፍር ነበር። 74 ላይ ስደርስ መስተዋት ውስጥ ሸንቃጣ ሰው ጠብቄ የታላቁን ልብስ የለበሰ ልጅ አገኘሁ። ልብሱ የገዛ ቆዳዬ ነው።

ከዚያ የሲት አፕ፣ ማለትም በጀርባ ተኝቶ በሆድ ጉልበት የመነሣት፣ ዘመን ገባ። በቀን 200፣ ለአራት ወር። አንገቴ ደነደነ፣ መቀመጫዬ ላይ ቆዳዬ ተላጠ፣ ወገቤ ግን 92 ላይ ተቸነከረ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ቦርጭን ለብቻው ነጥሎ ማቅለጥ እንደማይቻል የሚያሳዩ ጥናቶች የቆዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመ አንድ ጥናት የቴኒስ ተጫዋቾችን ሁለት ክንዶች አነጻጽሮ ነበር። ራኬት የሚይዘው ክንድ ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ ቢኖርም፣ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ከሌላው ክንድ አልሳሳም። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ 24 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ታተመ፤ ከእነርሱ መካከል ሰባት ዓይነት የሆድ እንቅስቃሴ በሳምንት አምስት ቀን ለስድስት ሳምንት የሠሩት ወገኖች የሆድ ጡንቻቸው ጽናት ጨመረ፣ የሆዳቸው ስብ ግን አልቀነሰም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሁለቱንም ያነበብኩት በሁለተኛው ወር ነው። ቀጣዮቹን ሁለት ወራት የሠራሁት እያወቅሁ ነው፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ። ሆዴ ሲያቃጥለኝ የሆነ ነገር እየቀለጠ ያለ ይመስለኝ ነበር። የሚያቃጥለው የደከመ ጡንቻ ነው፤ ስብ ሲቀልጥ አያቃጥልም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ለካ እኔ «ሆዴ» እያልኩ የምጠራው አንድ ነገር አልነበረም። የተረፈ ስብ አለ፣ የተረፈ ቆዳ አለ፣ ከሥር ደግሞ የላላ የጡንቻ ግድግዳ አለ። ሦስቱም አንድ ላይ ሲንጠለጠሉ ከውጭ አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

ቆዳንና ስብን ለመለየት ቆሞ ከማየት በጀርባ ተኝቶ በሁለት ጣት መቆንጠጥ ይሻላል። ጣቶቻችሁ መካከል የገባው እንደ ታጠፈ ጨርቅ ስስ ከሆነ ቆዳ ነው። ወፈር ብሎ ለስለስ ካለ ስብ አለበት። እኔ ከእምብርቴ በላይ ስቆነጥጥ ከሞላ ጎደል ቆዳ ብቻ ነው፤ ከእምብርቴ በታች ግን ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል የሚሆን ውፍረት አለው። በነገራችን ላይ ስንቀንስ የስብ ሴሎቻችን እየሟሸሹ ያነሳሉ እንጂ ቁጥራቸው አይቀንስም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ብዙ ኪሎ በቀነሱ ሰዎችም ላይ ይህንኑ ነው ያገኘው። ባዶ ማድጋዎቼ ተደርድረው እንደሚጠብቁኝ ማወቄ እስካሁን ማታ ማታ ከመብላት ያግደኛል።

ሦስተኛውን፣ የላላውን ግድግዳ፣ ያሳየችኝ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። የሄድኩት ለወገብ ሕመም ነበር። በጀርባዬ አስተኝታ ጭንቅላቴን ብቻ ቀና እንዳደርግ አዘዘችኝ። ቀና ስል ከደረቴ በታች እስከ እምብርቴ ድረስ የሆዴ መሐል እንደ ጣሪያ ጫፍ ሾጠጥ ብሎ ወጣ። ጣቶቿን አስገብታ ለካችው፤ ሁለት ጣት ተኩል። ከፊት ያሉት ሁለቱ ቋሚ የሆድ ጡንቻዎች መሐል ለመሐል በሚወርድ የጅማት መስመር የተያያዙ ናቸው። እርግዝና ወይም ለዓመታት የቆየ ትልቅ ሆድ ያንን መስመር ሲወጥረው ይሰፋል፣ ይሳሳል። ክፍተቱ ከሁለት ሴንቲሜትር ገደማ ካለፈ ጡንቻዎቹ ተራርቀዋል ይባላል። «በቀን ስንት ሲት አፕ ትሠራለህ?» አለችኝ። ቁጥሩን ስነግራት ምንም አልመለሰችም፤ ዝም ብላ ጻፈች። ያ ዝምታ ከስድብ የባሰ ነበር።

የሰጠችኝ እንቅስቃሴ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ስድብ መሰለኝ፤ መተንፈስ ነው። በጀርባ ተኝቶ አየርን በከንፈር መካከል ቀስ አድርጎ፣ ረዘም አድርጎ ማስወጣት። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከሆድ ጡንቻዎች ሁሉ ውስጠኛው ወገብን እንደ መቀነት ዙሪያውን የሚይዘው ነው። ትንፋሽን እስከ መጨረሻው ስናስወጣ የጎን አጥንቶቻችን ወደ ታች ይወርዳሉ፣ መቀነቱም ይጠብቃል። ከዳሌ አጥንታችሁ ጫፍ ወደ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ገባ ብላችሁ ብትጫኑ ሲወጠር ይሰማችኋል። ሆዳችሁ ጣታችሁን ወደ ላይ የሚገፋው ከሆነ ግን እየነፋችሁት ነው። ሲት አፕ ስሠራ አራት ወር ሙሉ ያደረግኩት ይህንኑ ነበር፤ ትንፋሼን ይዤ ሆዴን ወደ ውጭ መግፋት። የላላ ግድግዳን ከውስጥ በቡጢ እንደ መምታት ነው።

ትንፋሹ ሲለመድ ሙት ጥንዚዛ የሚባለው እንቅስቃሴ ተጨመረ። አቋሙ እንደ ስሙ ያስቃል። በጀርባ ተኝታችሁ እጆቻችሁን ወደ ጣሪያ ትዘረጋላችሁ፣ ጉልበቶቻችሁን 90 ዲግሪ አጥፋችሁ ከዳሌያችሁ በላይ ታቆማላችሁ፣ የወገባችሁን ጎድጓዳ ከወለሉ ጋር ታጣብቃላችሁ። ከዚያ ትንፋሻችሁን እያስወጣችሁ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ወለሉ ታወርዳላችሁ። ወገባችሁ ከወለሉ ሊነሣ ሲል መመለስ ነው፤ እግር ወለል ነካ አልነካ ምንም ለውጥ የለውም። 200 ሲት አፕ እሠራለሁ እያልኩ ስኩራራ የኖርኩት ሰው በየጎኑ ሦስት ሠርቼ ተንቀጠቀጥኩ። አሁን በየጎኑ ስምንት፣ ሦስት ዙር እሠራለሁ፤ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። የመጀመሪያውን ወር እንኳ አበላሽቼዋለሁ። ታናሽ እህቴ በበሩ ስታልፍ «ለምን ነው እንዲህ የቀላኸው? ታምመሃል እንዴ?» ባትለኝ ኖሮ ትንፋሼን ይዤ እንደምሠራ አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እየቆጠርኩ ነው የምሠራው፤ ድምፅ እያወጣ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም።

ክፍተቱ ባለፈው ወር ሲለካ አንድ ጣት ተኩል ሆኗል። ከጠፋው ስድስት ሴንቲሜትር ትልቁ ድርሻ የዚህ ይመስለኛል፤ ስቡ ያን ያህል አልተለወጠም፣ ቆዳውም እንዳለ ነው። የቀረው ድርሻ የአቋቋሜ ነው። ዳሌዬ ወደ ፊት ያዘነበለ ነበር፣ ወገቤ ወደ ውስጥ የሰረጎደ፣ ሆዴ ወደ ፊት የተገፋ። መቀመጫዬን ሳጠነክር፣ ማለትም ክብደት ይዤ ቁጭ ብድግ ስሠራና ከወለል ክብደት ሳነሣ፣ ዳሌዬ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሆድን ለማስተካከል ጭንና መቀመጫን ሥሩ ቢሉኝ ከዓመት በፊት እስቅ ነበር።

ስለ ፕላንክ፣ ማለትም በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን እንደ ጣውላ ቀጥ አድርጎ ስለ መያዝ፣ አስተያየት አለኝ፤ የማይስማማ ይታገሰኝ። አምስት ደቂቃ ፕላንክ መያዝ ጉራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የተመዘገበው የዓለም ክብረ ወሰን ከዘጠኝ ሰዓት ከግማሽ በላይ ነው፤ ሰውየውን አደንቃለሁ፣ ከእኔ ሆድ ጋር ግን ጉዳይ የለውም። ብዙ ሰው ከአንድ ደቂቃ በኋላ የሚይዘው በወገቡ አጥንትና በእልኩ ነው። በአከርካሪ ጥናት የታወቁት ካናዳዊው ስቱዋርት ማክጊል 10 ሰከንድ ያህል ይዞ መልቀቅንና ደጋግሞ መመለስን ነው የሚመክሩት። እኔም የጎን ፕላንክን እንደዚያ ነው የምሠራው፤ አሥር ሰከንድ፣ ዕረፍት፣ እንደገና አሥር ሰከንድ። ይሰለቻል? አዎ። ወገቤ ግን አያመኝም።

ሆድ ላይ ታስሮ ላብ የሚያስወጣው ቀበቶ ውሃ ነው የሚቀንሰው፤ ስትጠጡ ይመለሳል። ገዝቼዋለሁ፣ ሽፍታ አውጥቶብኛል፣ አሁን የጠረጴዛ እግር ይደግፋል። ቆዳ ይሰበስባል የሚባለውን ቅባትም ሁለት ጠርሙስ ጨርሻለሁ። ቆዳዬ ለስልሷል፣ ለስልሶም ተንጠልጥሏል።

ሜትር እንዴት እንደምይዝ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ከማንኛውም መሣሪያ አስበልጬ የምወደው እርሱን ነው። የመጨረሻውን የጎን አጥንትና የዳሌን አጥንት ጫፍ በጣት አግኙ፤ መሐላቸው ላይ ሜትሩን አዙሩ፣ ቆዳውን ሳያንቀው ይያዝ። እንደ ወትሮው ተንፍሳችሁ አየሩ ሲወጣ አንብቡ። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ከመብላት በፊት፣ በተመሳሳይ ቦታ። እኔ በየሁለት ሳምንቱ እለካለሁ። መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ እለካ ነበር፤ ይባስ ብሎ ሆዴን ስቤ ይዤ እለካ ነበር። አንድ ወር ሙሉ 88 እያልኩ ጽፌያለሁ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ያ ወር በቀይ ተሰርዟል። ስለዚህ የእኔን ምክር ስትሰሙ የገዛ ሜትሩን ያታለለ ሰው ምክር መሆኑን አትርሱ።

ስለ ቆዳው የምለው ጥቂት ነው። የቆዳን መለጠጥና መመለስ የሚቆጣጠሩት ኮላጅንና ኢላስቲን የሚባሉ ክሮች ናቸው፤ ለዓመታት ተወጥረው ከቆዩ ሙሉ በሙሉ አይመለሱም። ዕድሜ፣ ሲጋራ፣ ተፈጥሮ፣ ወፍሮ የቆዩበት ጊዜ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ክብደት ከረጋ በኋላ በወራት ውስጥ ጥቂት ይሰበሰባል፤ ከሥሩ ጡንቻ ሲሞላም መልኩ ይሻሻላል። የቀረውን የሚያስወግደው ቀዶ ሕክምና ነው። ሁለት ዓይነት መሆኑን ሳልጠይቅ ሄጄ ነበር፤ አንደኛው የተንጠለጠለውን ብቻ ይቆርጣል፣ ሁለተኛው ከዚያ አልፎ የተራራቁትን ጡንቻዎች ሰፍቶ ያቀራርባል። ሁለቱም ከዳሌ እስከ ዳሌ የሚሄድ ጠባሳ ይተዋሉ፣ ሁለቱም ክብደቱ ለወራት ሳይዋዥቅ የቆየ ሰው ይፈልጋሉ። እኔ ገና አልወሰንኩም። አንዳንድ ቀን ጠባሳውን እመርጣለሁ፣ አንዳንድ ቀን እጥፋቱን።

እስከዚያው እጥፋቱን ከታጠባችሁ በኋላ በደንብ አድርቁት። ማንም ስለማይናገረው ነው የምናገረው፤ እርጥበት ከያዘ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ይሸታል። ቀይ ሆኖ ከሰነበተ ሐኪም አሳዩት፤ እኔ አፍሬ ሦስት ሳምንት ደብቄው ነበር፣ መድኃኒቱ በአምስት ቀን አዳነው።

አሁን ዓይኔ ያረፈው ሁለት እጀታ ባላት ባለ ጎማዋ መሣሪያ ላይ ነው፤ ተንበርክከው ወደ ፊት የሚያንከባልሏት። አንድ ጊዜ ሞክሬያት በሆዴ ወለሉ ላይ ተዘርግቼ ቀረሁ። የጡንቻ ክፍተት ኖሮባችሁ ወገባችሁ ሳይጎዳ የጀመራችኋት ካላችሁ ንገሩኝ፤ ግድግዳ ፊት ለፊት ሆናችሁ ነው ርቀቱን ያሳጠራችሁት ወይስ መጀመሪያ ሌላ ነገር ሠራችሁ?